አምስት ቀን በነፍስ

ፈረንጅ አገር ሥራ የፈታ ሰው ያገኝ ከነበረው ደመወዝ ተሰልቶ፣ ለተወሰነ ወር ይቆረጥለታል አሉ። እኛ አገር ከድርጅት የተሰናበተ፣ ያውም ጡረታ የማይደርሰው ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለሚቀጥለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚያኑ ሲሶ ይዞ ይሄዳል። ግሸን ላይ ግን የሚያሰናብት ቀጣሪስ የት አለ? ለእኛ የደረሰችን ስሌት ችግረኛ ቤተሰብ የሕዝብ ሥራ ሠርቶ እህል ወይም ብር የሚቀበልባት የሴፍቲኔቷ ናት።

ለወሬ ቀላል ናት፤ ለአንድ ነፍስ በወር አምስት ቀን። ቤትህ ስድስት ነፍስ ካለ 30 ቀን እርከን ትሠራለህ፣ ድንጋይ ትክባለህ። ለሥራ የደረሰው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ከ15 ቀን በላይ አይጫንበትም፤ ይህቺስ ደግ ናት። ክፍያው ነው ጉዱ። በ1997 ሲጀመር የቀን ሒሳቡ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፤ ያኔ ሁለቱ እኩል ናቸው ተባለ። በ2000 እህል ሲወደድ ብሩን ወደ 8 ከፍ አደረጉት፤ ገበያው ግን እጥፉን አልፎ ሄዶ ነበር። ብር ተቀባዩ ሁሉ «ኧረ በእህል አድርጉልን» ማለት ጀመረ። ምን ያድርግ? ሦስት ኪሎ መቼም ሦስት ኪሎ ነው፤ ስምንት ብር ግን ዛሬ የሚገዛውን ነገ አይገዛም።

ወሩስ ቢሆን! ሥራው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ጎተራ የሚራቆተው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ፣ የመኸሩ እህል ገና ቡቃያ ሳለ። ክፍያው ከዘገየ በኋላ ሲመጣ «ለክረምቱ ደረሰላችሁ» ይሉናል፣ እንደ ውለታ።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የተረጂዎች ምልመላው ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ሕዝብ ሲጎርፍ ቆሎና ሻይ ይዘህ መንገድ ዳር ከታየህ አለቀልህ። «አንተማ ነጋዴ ነህ» ይላል መልማይ ኮሚቴው፤ የንግሡን ሰሞን ሽያጭ የዓመት ገቢ አድርጎ ይጽፍልሃል። ልጅህ ዓረብ አገር ከሄደችማ ብር ላከች አልላከች ማንም አይጠይቅም፤ መሄዷ ይበቃል። በግ አርብተህ ከተገኘህ ደግሞ «ተመርቀሃል» ተብለህ ከመዝገብ ትወጣለህ። በጎቹ በብድር መገዛታቸውን ያን ቀን የሚያስታውስልህ የለም። ወለዱ ሲደርስ ግን መጀመሪያ የሚመጡት ወዳንተ ቤት ነው።