ሜዳ የሚያሳይ አልጋ

ስኮትላንድ ሄዶ ከተማ ሊያይና ጎልፍ ሊጫወት ያሰበ አስተዋይ ሰው፣ ስለ ከተማውም ስለ ጎልፉም በመጠየቅ ጊዜውን አያባክንም። የሚመርጠው ሆቴል ነው፤ ከሆቴሉም መስኮቱን። አምስት ኮከብ፣ የእብነ በረድ መታጠቢያ ቤት፣ ፊት ለፊት የተነጠፈ ለምለም ሣር ካለ ሌላው ትርፍ ወሬ ነው። «በዚያ ሣር ላይ ማን ነው የሚጫወተው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ የቸገረው ሰው ጠባይ ነው።

ሴንት አንድሩስን እንውሰድ። የዓለም ጎልፈኛ ሁሉ ሊሳለመው የሚመኘው ኦልድ ኮርስ ያለው እዚያ ነው። ክቡርነትዎ ሜዳውን ቁልቁል የሚያይ አልጋ ይዘዋል፤ እሰየው! ሜዳው የሕዝብ እንጂ የሆቴሉ አለመሆኑን ሻንጣዎን ከፈቱ በኋላ ቀስ ብለው ይሰማሉ። የከተማው ሰው የመጫወት መብት እ.ኤ.አ. በ1552 በሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን ጽሑፍ የጸና ነው፤ ነዋሪው ዛሬም በዓመታዊ ካርዱ ይጫወታል። እርስዎ ደግሞ የሃንዲካፕ (የጎልፍ ችሎታ ደረጃ) ማስረጃዎን ይዘው የመጫወቻ ተራ በዕጣ ከሚጠብቁት ጋር ይደባለቃሉ። ዕጣው የሚወጣው ከጨዋታው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ የአልጋዎ ሂሳብ ግን ያኔ ተዘግቷል። ዕጣ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ የማንን ኮከብ ቆጥሮ ያውቃል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እሑድን ከመረጡማ ጉዳዩ አለቀ። እሑድ እሑድ ኦልድ ኮርስ በወትሮው ጎልፍ አይመታበትም፤ የሕዝብ መንሸራሸሪያ ነው። ሰገነትዎ ላይ ቡናዎን ይዘው ሲመለከቱ እናቶች የሕፃን ጋሪ ይገፋሉ፣ ሜዳው ውስጥ ባለው ስዊልከን ድልድይ ላይ ሰው ፎቶ ለመነሣት ተራ ይጠብቃል፣ አንድ ውሻ ኳስ ያሳድዳል። በዕለቱ በሜዳው ላይ ከኳስ ጋር የተገናኘው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም አልከፈለም።

«ከተማውስ?» ካሉ፣ ኤድንብራ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የሴንት አንድሩስ ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለተዘጋ፣ ባቡር ለመያዝ ሉካርስ ድረስ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ መሄድ ግድ ነው። ብልሆች ለዚህም መላ አላጡም፤ ከሁለቱ መሀል፣ ገጠር ውስጥ ካለ ግንብ ያርፋሉ። ከከተማውም ከሜዳውም እኩል ይርቃሉ፤ ፍትሕ ማለት ይኸው አይደል? ነሐሴ ላይ ከሄዱ ደግሞ ኤድንብራ በፌስቲቫሎቿ ስለምትጨናነቅ የአልጋ ዋጋ ጣሪያ ይነካል። ደስ ይበልዎ፤ ውድ ነገር መቼም መጥፎ አይሆንም።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ኤድንብራ መሀል መጠነኛ ማረፊያ እንዳይዙ! እግርዎ ሳያስቡት ብራንትስፊልድ ሊንክስ ያደርስዎታል፤ እዚያ በሞቃቶቹ ወራት አጭር ጎልፍ በነፃ ይመታል። አውቶቡስ ይዘው ብሬድ ሂልስ ቢወጡ፣ የሕዝብ ሜዳ ላይ ቆመው የኤድንብራን ግንብ ያያሉ። ሰኔ ከሆነማ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ብርሃን ስላለ፣ ቀን ከተማውን አይተው ማታ ይጫወታሉ። በርካሽ አልጋ ከተማውንም ጎልፉንም በአንድ ቀን! ይህ ለወዳጅ የሚወራ ነው?

ሰውን ከጎልፍ ማራቅ ድሮም ተሞክሯል፤ የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1457 ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን ትቶ ጎልፍ ላይ ተጥዷል ብለው ጨዋታውን በአዋጅ ከለከሉ። አልሆነም። ተከታዮቻቸውም በ1471 እና በ1491 ደገሙት፤ ስኮትላንዳዊው ግን መምታቱን አልተወም። ምስኪን ነገሥታት! አዋጅ ከሚደጋግሙ ባለአምስት ኮከብ ሆቴል ቢሠሩ ኖሮ፣ ሰዉ ራሱ ከፍሎ ሳይጫወት ይቀርላቸው ነበር።