የበሰበሰ ዝናብ አይፈራም፦ በባሕር ዳር ብስክሌተኞች ላይ የተደረገ የመስክ ጥናት

«የበሰበሰ ዝናብ አይፈራም» የሚለው አባባል ሲነገር እንጂ በመስክ ሲፈተን አልታየም። የበሰበሰ የሚባለው ማን ነው? ስንት ደቂቃ የዘነበበት? ከየትኛው ልብሱ ጀምሮ? አባባሉ በዚህ ላይ ዝም ይላል። ይህ ጥናት የተነሣው ክፍተቱን ለመሙላት ነው። ናሙናው አጥኚው ራሱ ነው፤ መሣሪያው ብስክሌት፤ ቤተ ሙከራው ከዓባይ ማዶ ተነሥቶ ባሕር ዳር መሀል እስካለ አንድ መሥሪያ ቤት የሚያደርሰው መንገድ። ናሙናው አነሰ የሚል ይኖራል። በሐምሌ ጠዋት ሁለተኛ ፈቃደኛ ሊገኝ አልቻለም።

ባሕር ዳር የተመረጠችው በመጀመሪያ ሜዳ ስለሆነች ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትቀመጥም በውስጧ ዳገት ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ድካም ነው፤ ስለዚህ ብስክሌት እዚህ የአስተማሪው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛና የተማሪው መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። በዚያ ላይ ይዘንባል። በዓመት ከሚወርደው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይጠናቀቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ የሚነዳ ሰው ከላይ ሲታይ ግማሽ ካሬ ሜትር ይይዛል እንበል። በሰዓት 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዶፍ ለ20 ደቂቃ ቢወርድበት 5 ሊትር ውሃ ያርፍበታል ማለት ነው። ይህ ከላይ የሚወርደው ብቻ ነው፤ ባጃጅ የሚረጨው ለብቻው ይታሰባል። ይህን ሁሉ ተቀብሎ ቢሮ ለሚገባ ሠራተኛ እስካሁን አንድም መሥሪያ ቤት የጭነት አበል አላሰበለትም።

ብስክሌትና ዝናብ ባላንጣ ናቸው የሚለው ግምት ከታሪክ ጋር ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በማግሥቱ ዓመት አውሮፓ በጋ የሚባል ነገር ሳታይ ቀረች፤ ዝናቡና ብርዱ አዝመራውን አበላሸው፣ እህል ተወደደ፣ የፈረስ መኖም አብሮ ተወደደ። በ1817 ጀርመናዊው ካርል ድራይስ ማንሃይም ውስጥ ፔዳል የሌላትን፣ በእግር መሬቱን እየገፉ የሚነዷትን ባለሁለት ጎማ የእንጨት ብስክሌቱን ይዞ ወጣ። ፈረሱ መኖ ሲያጣ ነው ጋላቢው በገዛ እግሩ መጋለብን ያሰበው ብለው ሁለቱን የሚያያይዙ ጸሐፊዎች አሉ፤ የማይቀበሉትም አሉ። አጥኚው ከሚያያይዙት ወገን ነው፤ ለጥናቱ ይመቻል። ጆን ቦይድ ደንሎፕም በአየር ለሚሞላው ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠራ መብት ያገኘው ቤልፋስት ሲኖር ነበር፤ ቤልፋስት ደግሞ በድርቅ የምትታወቅ ከተማ አይደለችም።

አሁን ወደ ፊዚክሱ። ዝናብ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል የሚለው የእግረኛ አስተያየት ነው። ትልቅ ጠብታ በሰከንድ እስከ 9 ሜትር ይወርዳል፤ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ደግሞ በሰከንድ 4 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ንፋስ ባይኖር እንኳ፣ ዝናቡ ለብስክሌተኛው 26 ዲግሪ ገደማ ዘምሞ ከፊት ለፊት ይመጣል። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ የሚረጥበው ራስ ሳይሆን ጭን ነው። ፈጠን ካለ መንገዱ ያጥርለታል፣ ጭኑ ግን ያልቅለታል፤ ቀስ ካለ ጭኑ ትንሽ ይተርፍና ትከሻው ዋጋውን ይከፍላል። ጃንጥላም በአንድ እጅ ተይዞ ተሞክሯል። ጃንጥላውን ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው መንገዱን አያይም፤ ቀጥ አድርጎ የያዘ ሰው ጭኑን አያድንም። ከጣና በኩል ውሽንፍር ሲመጣ ደግሞ ጃንጥላው ወደ ላይ ተገልብጦ ውሃ ማጠራቀም ይጀምራል፤ ውጤቱ ከሙከራው ዓላማ ውጪ በመሆኑ አልተመዘገበም።

የዚህ ጥናት ዋናው ግኝት ግን የመርጠብ ሂደትን ይመለከታል። ብስክሌተኛው ከቤት ሲወጣ ገና የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ነው። ሱሪው ተተኩሷል፣ ካልሲው ደረቅ ነው፣ የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከቶታል። ኩሬ ባየ ቁጥር ሁለት እግሩን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ ባጃጅ ሲመጣ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ሰማዩን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። ካፊያ በዚህ ሰው ላይ ከዶፍ የባሰ ጉዳት ያደርሳል፤ ተስፋውን አይቆርጥለትምና። ጉልበቱ ይረጥባል፣ «ጉልበት ምንም አይደል» ይላል። ትከሻው ይረጥባል፣ ጃኬቱን ያመሰግናል። ጫማው ይሞላል፤ በዚህም እንኳ አይሸነፍም፣ ካልሲ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ይደርቃል ብሎ ያሰላል። ብዙ ሰው ወሳኙ ነጥብ ጫማ መሙላቱ ይመስለዋል። አይደለም። ወሳኙ ነጥብ በአንገት የገባው ውሃ አከርካሪን ተከትሎ ወርዶ የውስጥ ሱሪ ላስቲክ ላይ የሚደርስበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት ሰውየው ርጥብ ነው፤ ከዚያ በኋላ የበሰበሰ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሩብ ሰከንድ አይሞላም።

ይህን ነጥብ በትክክል ለመያዝ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ባለውለታችን ነው። 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፣ ለብስክሌተኛ የተለየ መስመር አለው፣ ታዛ ግን የለውም። ድልድዩ መሀል ላይ ዶፍ የያዘው ሰው ቢመለስም ቢቀጥልም ያው ነው። በተጠቀሰው ፍጥነት ለመሻገር አንድ ደቂቃ ተኩል አይፈጅም፤ ላስቲኩ ላይ ለመድረስ ግን ይበቃል። በደረቅ ልብስ ከዓባይ ማዶ የተነሣው ተጨናቂ ሰው በዚህኛው ዳር ሲወርድ ሌላ ሰው ነው። እግሩን ለኩሬ መስቀሉን ትቷል። የሱሪውን ጫፍ ከካልሲው አውጥቶ እንደ ፈለገ እንዲሆን ለቆታል። ባጃጁ ሲረጨው ሹፌሩን በእጁ ሰላም ይላል። ከዚህ በኋላ የሚወርደው ዝናብ በእሱ ላይ ሳይሆን በሌላ ሰው ላይ የሚወርድ ያህል ነው፣ አንዳንዱም ያንጎራጉራል። አባባሉ ተረጋግጧል።

ከተማ ውስጥ የሚገኘው ደስታ ማኅበራዊ ነው። በሱቆች ታዛ ሥር ተደራርቦ የቆመው ሕዝብ ዝናቡን ትቶ የሚያየው ብስክሌተኛውን ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። ከመሀላቸው አንዲት እናት «ኧረ ተጠለል ልጄ፣ አሁን ያባራል!» ይሉታል። እሱም «ደርሻለሁ እኮ እማማ!» ይላል። ሁለቱም ንግግሮች በቅን ልብ የተነገሩ ሲሆን ሁለቱም እውነት አይደሉም። እሱ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል። የእሳቸው ትንበያ ግን ሙሉ በሙሉ የሚጣል አይደለም፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ይፈጸማል።

በባጃጅ የሚሄደውን ሰው በንጽጽር ማየት ተገቢ ነው። የጎኑ ሸራ በነፋስ እየተገለጠ አንድ ጉልበቱንና አንድ ክንዱን ያረጥብበታል፤ ሌላው ጎኑ ደረቅ ነው። ስለዚህ ከፍሎ ገብቶም ላስቲኩ ሳይነካ እስከ መጨረሻው ሲጨነቅ ይደርሳል። በዚህ ጥናት መለኪያ ከታዩት ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነው እሱ ነው።

በሙያው ውስጥ ማዕረግ የሚታወቀው በጀርባ ነው። ፓራፋንጎ የሌለው የኋላ ጎማ ከመንገድ ያነሣውን ውሃና ጭቃ ወደ ላይ እየወረወረ ከቀበቶ ጀምሮ እስከ አንገት ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሥላል። መስመሩ ጠባብና ጥርት ያለ ከሆነ ባለቤቱ ቀጥ ብሎ በልኩ የሚነዳ ሰው ነው። የተበተነ ከሆነ ኩሬ ይሸሻል፣ ገና አልበሰለም። መስመር የሌለው ወይ ፓራፋንጎ አለው ወይ ከቤት አልወጣም። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ይህን ምልክት እያዩ የሰውን ባሕርይ ማንበብ እንደሚችሉ አያውቁም፤ «ጀርባህ ላይ ጭቃ አለ» ብለው ያልፋሉ።

ስለ ፍሬን አጭር ነገር እንበል፤ ራሱም አጭር ነው። የብረት ቸርኬ ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ ውሃ ላይ ይንሸራተታል፤ ቸርኬው ጥቂት ዞሮ ውሃው እስኪጠረግ ድረስ ፍሬኑ እንደተያዘ ማስረጃው የሚጮኸው ድምፅ ብቻ ነው። ልምድ ያለው ሰው ኮንጎ ጫማውን መሬት ላይ እየጎተተ ይቆማል። ኮንጎ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ውሃው በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ካልሲም አይጠይቅም። የኮርቻው ጉዳይ የተለየ ነው። የቆመ ብስክሌት ኮርቻ ላይ ፌስታል ማልበስ በከተማው የቆየ ጥበብ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ሲጸድቅ የኮርቻው ዕጣ በየትኛው አንቀጽ እንደታየ አጥኚው ፈልጎ አላገኘም። በነገራችን ላይ ለበሰበሰ ሰው ደረቅ ኮርቻ ጥቅሙ ምን እንደሆነም ግልጽ አይደለም።

ጎማ ከተነፈሰ ጎሚስታው አለ። በበጋ ካላማዳሪውን ነፍቶ በሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የምትወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። በክረምት ሳፋ አያስፈልገውም፤ ጎንበስ ብሎ እግሩ ሥር ካለው ኩሬ ውስጥ ይነክረዋል። ችግሩ የሚመጣው ቀዳዳዋ ከተገኘች በኋላ ነው። ማስቲሽ እርጥብ ጎማ ላይ አይዝም። ስለዚህ ጎሚስታው ካላማዳሪውን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ሸሚዙ ውስጥ አስገብቶ ሆዱ ላይ ያሸዋል፣ በአፉ እፍ ይልበታል፣ ይሞርደዋል፣ ማስቲሹን ቀብቶ በመዳፉ ጋርዶ ይጠብቃል። በዚህ መሀል ከላስቲክ ጣሪያው ጫፍ አንድ ጠብታ ጠብ ትልና ልክ ማስቲሹ ላይ ታርፋለች። ጎሚስታው ምንም አይልም። እንደገና ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

ቢሮ በር ላይ የሚቀበለው ጥበቃው ነው። ከራሱ እስከ እግሩ የሚንጠባጠበውን ሰው ለአፍታ ያየውና «ዘነበብህ እንዴ?» ይለዋል። ጥያቄው መልስ ለማግኘት የቀረበ አይደለም፤ የሐዘን መግለጫ ነው፤ «ኧረ ምን ይደረግ» ተብሎ ይመለሳል። ውስጥ ከገባ በኋላ ያለው ጥቅም በመተዳደሪያ ደንብ ያልተጻፈ ቢሆንም የጸና ነው። አርፍዶ የመጣ የባጃጅ ተሳፋሪ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት፤ ብስክሌተኛው ምክንያቱን ለብሶት ገብቷል። ሻይ የምታፈላዋ እህት ከኃላፊው አስቀድማ ለእሱ ትቀዳለታለች። እስኪደርቅ ድረስ ፋይል አይሰጠውም፤ ወረቀት ያረጥባልና። ይህ ዕረፍት በሐምሌ ደመና እስከ ቀትር ሊዘልቅ ይችላል።

ግኝቱ የማያብራራው አንድ ነገር አለ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲደርቅ ውሎ ላስቲኩ የሚደርቀው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ሲወጣ ነው። ያኔ እንደገና የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ይሆናል፤ ሰማዩን ያያል፣ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ይከታል፣ ድልድዩም ከፊቱ አለ። በረዶ ሲጥል ምን ይሆናል የሚለውም በዚህ ጥናት ወሰን ውስጥ አይገባም፤ አባባሉ ስለ ዝናብ ብቻ ነው የተናገረው፣ አጥኚውም ታዛ ሥር ገብቷል።

ለመሥሪያ ቤቶች የቀረበው የመፍትሔ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ በር ኋላ ለርጥብ ጃኬት አንድ ሚስማር ይመታልን የሚል። በቃል ሲጠየቅ በጽሑፍ ይቅረብ ተባለ። በጽሑፍ ቀረበ። ደብዳቤው ቤት የተጻፈና በብስክሌት የመጣ በመሆኑ፣ ቀለሙ ስለፈሰሰ አይነበብም ተብሎ ተመልሷል።