መኪናዬን ከፍ አታድርጉብኝ

ጤፍ ከፍ አለ፣ ዝም አልን። የቤት ኪራይ ከፍ አለ፣ ዝም አልን። ነዳጅ ከፍ ሲል ትንሽ አጉረመረምንና ለመድነው። ባለበት ቆሞ የቀረን ነገር መኪናው ብቻ ነበር፤ አሁን ደግሞ እሱንም "ከፍ እናድርገው" የሚል ትውልድ መጣ።

የእኔዋ ላንድክሩዘር ናት፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የሠራው፣ ስድሳ የሚባለው ዓይነት። አራቱም እግሯ ባሌስትራ ላይ ነው። በአራቱም እግር ሞላ የሚባለው ቅንጦት የደረሰው ለታናሿ ለሰማንያዋ ነው። በሯ ሲዘጋ ሰፈሩ በሙሉ እኔ ቤት መግባቴን ያውቃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ክብሯ ጨምሯል፤ በፊት "ይቺን ብረት ምን ያደርጉልዎታል፣ ይሽጧት" ይሉኝ የነበሩ ዘመዶች ዛሬ ኑዛዜ ጽፌ እንደሆነ በዘዴ ይጠይቁኛል።

እንግዲህ ይህች መኪና ከኋላ ዝቅ አለች። ያየ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ዱባይ ያለው የእህቴ ልጅ የአሸዋ ክምር ላይ የሚዘልሉ መኪኖች በቪዲዮ ይልክልኝና "ጋሼ፣ አራት ኢንች ሊፍት ኪት ልላክልዎ" ይላል። እኔ ከቤቴ ወደ ዕድር፣ ከዕድር ወደ ቤተ ክርስቲያን የምመላለስ ሰው፣ ሲመቸኝ ደግሞ አገር ቤት እህል ለማየት የምወርድ፣ የት አባቴ ልዘልል ነው? አሸዋም ቢሆን የሚሻገሩት ጎማ አስተንፍሰው ነው፤ አፋር የሠራ ሹፌር ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ለማስተንፈሱም ገንዘብ አይጠየቅም።

ሶማሌ ተራ ብሄድ ደግሞ ሌላ ጉድ። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ባለሱቁ "ፋዘር፣ ስንት ኢንች ይሁንልህ?" ፋዘር ይለኛል! አባቱ ብሆን ኖሮ ሜትር መያዝ አስተምሬ ነበር የማሳድገው። ሁለት አለ፣ ሦስት አለ፣ አራት አለ፤ ይደረድረዋል። አንድም ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሱቅ አንድ ሰው፣ "ለመሆኑ ምን ትጭናለህ?" ብሎ አልጠየቀኝም።

ነገሩ ግን ያለው እዚያ ነው። ባሌስትራ የሚመረጠው በኢንች ሳይሆን በኪሎ ነው። ፊት ለፊት የብረት መከላከያና ዊንች አለ? ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ተገጥሟል? ሁለተኛ ሰልባትዮ ተጨምሯል? እነዚህ ሁልጊዜ መኪናው ላይ ያሉ ክብደቶች ናቸው፤ ባሌስትራው የሚሰላው በእነሱ ነው። ለፋሲካ አንድ ጊዜ የሚጫኑት በግና ጤፍ በሒሳቡ አይገቡም። አውስትራሊያዎች፣ በረሃቸው ሰፊ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ይህን ጉዳይ በቁም ነገር ይዘውታል፤ ኦልድ ማን ኢሙ የሚባለው ዕቃቸው ለአንድ ዓይነት መኪና ለቀላል ጭነት ሌላ፣ ለከባድ ጭነት ሌላ ባሌስትራ አለው። እኛ ዘንድ ግን "ጠንካራውን ስጠኝ" ነው። ጠንካራውን ወስደህ ባዶ መኪና ላይ ስትገጥመው ባሌስትራው አይታጠፍም፣ ጎማው ከመሬት ይዘልላል፣ የሚታጠፈው ያንተ ወገብ ይሆናል። አንዱ ጎረቤቴማ የአይሱዙ ብረት አስጨምሮበት፣ ከዚያ ወዲህ አንዲት ጉድጓድ ባየ ቁጥር ያማትባል።

መኪናዋ ለምን ዝቅ አለች ብሎ የጠየቀም የለም። ሰው ሲያረጅ ይጎብጣል፤ ባሌስትራ ግን ሲያረጅ ይቃናል። ቀስት የነበረው ብረት ሠላሳና አርባ ዓመት ሲጫንበት ይዘረጋል፣ መኪናውም አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ሊፍት ከማለታችሁ በፊት ሜዳ ቦታ ላይ አቁሟት፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ አራቱንም ለኩና ጻፉ። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ የደከመውን ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነገር የሚያሳፍር ነው፤ መኪናው የጎደለው ፋብሪካው የሰጠው ቁመት ነው። አዲስ፣ መደበኛ ቁመት ያለው ባሌስትራ ሲገባ ሰው ሁሉ "ሊፍት አስገጠምክ እንዴ?" ይላል። ቦኮላውና ፔርኖውም ከተበሉ አብረው ይለወጡ። አሮጌውን በእሳት አግሎ መቀጥቀጥን እንደ ብልሃት የሚያወራ አለ፤ ብረቱ ከጋለ በኋላ ጥንካሬው በትክክል ካልተመለሰለት ያው ዞሮ ይዘረጋል፣ እሳቱ ለከንቱ፣ ገንዘቡ ለከንቱ።

ከዚያ ደግሞ "ድንጋይ እንዳይነካህ ነው" ይሉኛል። የትኛው ድንጋይ? መሃል መንገድ ላይ ተተክሎ የሚጠብቀኝ ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻሉን ነው፤ ዲፈረንሻሉ ደግሞ ከጎማው ጋር ነው የታሰረው። ባሌስትራውን አሥር ኢንች ብታነሱት ዲፈረንሻሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፤ ጎማውም በቁመት ሁለት ኢንች ቢጨምር ለዲፈረንሻሉ የሚደርሰው አንድ ኢንች ነው። ሊፍት የሚጠቅመው ሆዷን፣ አፍንጫዋንና ጅራቷን ከጉብታ ለማትረፍ፣ ትልቅ ጎማም ፓራፋንጎውን ሳይፍቅ እንዲዞር ነው። ይህ ጥቅም አይደለም አልልም። ግን ስሙን አስተካክለን እንጥራው።

ርካሹ ዘዴ ደግሞ ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ሻክል በረዥም መለወጥ ነው። አራት ኢንች ሲረዝም መኪናው ሁለት ኢንች ያህል ይነሳል፤ ሻጩ ይደሰታል። ፊት ላይ ሲሆን ግን አክስሉ ይዞርና ካስተር የሚሉት ማዕዘን ይቀንሳል፤ መሪው ወደ ቀጥታ መመለስ ይሰንፋል፣ መኪናዋ አስፋልት ላይ ትዋልላለች። ሽብልቅ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል አስገብተው ያርሙታል፤ እሺ፣ ታዲያ ሽብልቁ በዋጋው ውስጥ አለ? የለም። ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ማዘንበሉ፣ ክሮቸራው መንቀጥቀጡስ? "እሱን በኋላ እናየዋለን ፋዘር።" አሞርዛተሩ በአዲሱ ቁመት ልክ ካልረዘመ ባሌስትራው ሲወርድ እሱ ይወጠራል፣ ውሎ አድሮም ይቀደዳል። የፍሬን ጎማውም እንደዚያው፤ ሲወጠር የሚበጠሰው ደግሞ ፍሬን በሚፈለግበት ቦታ ነው።

ከሁሉ የምታስደንቀኝ አንዲት ቫልቭ ናት። በአንዳንዶቹ አሮጌ ቶዮታዎች ከኋላ ሻንሲው ላይ ተሰቅላ፣ በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዛ፣ መኪናው ምን ያህል እንደተጫነ ስትሰልል ትውላለች። ኋላው ዝቅ ሲል "ጭነት አለ" ብላ ለኋላ ጎማ ፍሬኑን ትለቃለች፤ ከፍ ሲል "ባዶ ነው" ብላ ትቀንሳለች። መኪናውን አንሥታችሁ እሷን ሳታስተካክሉ ከተዋችኋት፣ ሙሉ ቤተሰብና ሙሉ ዕቃ ጭናችሁ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ባዶ ናችሁ ብላ ታምናለች። ይህን ለአንድ መካኒክ ብነግረው ቫልቭዋን እንንቀላት አለኝ።

ደግሞም ቁመት የሚያምረው ቆሞ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን ሊማሊሞን፣ ጣሊያን የቆረጠውን፣ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ጥምዝ ላይ ክብደቱ ወደ ላይ የወጣ መኪና፣ ፖርቶመጋላው ላይ ጀሪካንና ትርፍ ጎማ ተሸክሞ፣ ወደ ገደሉ በኩል ሲያዘነብል ፎቶ የሚያነሣ አይኖርም። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው።

ባለቤቴንም እናስብ። ጉልበቷን ያማታል። አሁን እንኳ እጀታውን ይዛ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ የቅዱሳንን ስም በየተራ ጠርታ ነው የምትወጣው። አራት ኢንች ማለት አሥር ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሚጠራ ቅዱስ አይተርፈንም። ለቅሶ ቤት ስንደርስ ሁለት ጎረምሳ ደግፎ ሲያወርዳት ሐዘንተኛዋ እሷ ልትመስል ነው።

ደህና፣ ምን ይገዛ ትሉኝ ይሆናል። መደበኛ ቁመት ያለው አዲስ ባሌስትራ ይበቃል። ትልቅ ጎማ ወይም ዘወትር ጭነት ካለ ሁለት ኢንች፤ እሱም ባሌስትራው፣ አሞርዛተሩ፣ ቦኮላውና ዩ ቦልቱ ከአንድ ቤት፣ አንዱ ለሌላው ታስቦ የተሠራ ይሁን። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ለቃቅሞ "ኪት" ማለት የለም። ከሁለት ኢንች በላይ የሚፈልግ ሰው ግመል ይግዛ፤ ግመል የፍሬን ጎማ የላትም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ። ቦኮላው ላስቲክ ከሆነ የሻክሉና የፔርኖው ዳዶ ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠብቀው መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው፤ ተንጠልጥላ ሳለች ከተጠበቀ ላስቲኩ ተጣሞ ይኖራል፣ ቶሎም ይበላል። ዩ ቦልቱ ደግሞ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና ይጠበቅ፤ አዲስ ባሌስትራ ቦታውን ሲይዝ ይላላል። መካኒኩ "አያስፈልግም ፋዘር" ካላችሁ ሒሳቡን ክፈሉትና ሌላ መካኒክ ፈልጉ።