ዳገት ፍለጋ በመኪና

የአዲስ አበባ ታሪክ ባጭሩ ከእንጦጦ የመሸሽ ታሪክ ነው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ተራራው አናት ላይ ከተሙ፤ ብርዱና ንፋሱ ቢያንገፈግፋቸው፣ ማገዶውም ቢመናመን ወደ ፍልውሃ ወረዱ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲሲቱ ከተማ ተቆረቆረች። እቴጌይቱ ዛሬ ቀና ብለው ቢያዩን ግራ ይጋባሉ። እሳቸው የሸሹትን ብርድ እኛ ነዳጅ አቃጥለን፣ እሁድን ጠብቀን፣ እየተጋፋን እንወጣለታለን።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከተማችን ሃይኪንግ የሚወጣ ሰው አፍርታለች። ይህ ሰው ከሩቅ ይለያል። ጫማው ራስ ዳሸንን ሊወጣ፣ ጃኬቱ በረዶ ሊያቋርጥ የተሰፋ ነው። ጀርባው ላይ ያዘለው ቦርሳ የሦስት ቀን ስንቅ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ግን ፓወር ባንክና ቅያሪ ቲሸርት ነው። ቅያሪው ለላብ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለተኛው ፎቶ በሌላ ቀለም እንዲወጣ ነው።

ለመራመድ የመጣው ሰውዬ ዳገቱን በመኪና ይጨርሰዋል። ከዚያ ከጥበቃው ጋር ክርክር ይገጥማል፦ "ወንድሜ፣ መኪናዋን ትንሽ ወደ ውስጥ ባስጠጋት ምን አለበት? ከዚህ እስከ እግር መንገዱ እኮ ሩቅ ነው!" ክርክሩ በፈጀው ጊዜ ደርሶ መመለስ ይቻል ነበር።

ጓደኛው ደግሞ ብስክሌት ይከራያል። ቁልቁለት ላይ ሁሉም ሰው ሻምፒዮን ነው፤ ጉዱ የሚመጣው ሲመለሱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አልፎ አየሩ ስስ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴን የመሰሉ ሯጮች እዚያ የተለማመዱት ይህንኑ ፈልገው ነው፤ የቢሮ ሰው ሳንባ ግን ይህን ውለታ አይረዳም። ስለዚህ ሲወርድ ሰው ብስክሌት ላይ ነበር፤ ሲወጣ ብስክሌቱ ሰው ትከሻ ላይ ይሆናል። ይህን ጊዜ ከብስክሌቱ የሚከብድ ቅጠል የተሸከሙ እናት በጎኑ ያልፋሉ። ጎንበስ እንዳሉ ዞር ብለው "አይዞህ ልጄ፣ ቀስ በል" ይሉታል። አበረታቿ እሳቸው ናቸው።

ሌላዋ አንዱን ግንድ አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አየሩን ወደ ውስጥ እየሳበች "ወይ ያገሬ ተፈጥሮ!" ትላለች። ያቀፈችው ዘሩ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ባሕር ዛፍ ነው። ያገሯ ተፈጥሮ እግሯ ሥር ያለችው የጽድ ችግኝ ናት፤ ለፎቶው ወደ ኋላ ስትል ልትረግጣት ለጥቂት ነው።

ዳገት ላይ ለፈረስ ገብስ ቢያበሉት ዋጋ የለውም ይላሉ አባቶች። ሃይኪንግ የወጣው የእኛ ሰው ግን ዳገቱን ገና በዓይኑ ሲያየው ክትፎ ያዛል። በእግር ያወጣውን ጉልበት በሹካ ይመልሳል፤ ትርፉንም ለመጪው እሁድ ያስቀምጣል። ማታ በስልኩ የሚለቀው ጽሑፍ "ራሴን አሸነፍኩ" ይላል። የት እንደተዋጉ ግን አይገልጽም።

በእርግጥ ጥቂቶች ከካፌው አልፈው ጥሻው ውስጥ ይገባሉ። በገጠር ልማድ ያለ ጭነትና ያለ ጉዳይ ጫካ ለጫካ የሚዞር ሰው ከብት የጠፋበት ነው። እናም በግ የሚጠብቅ አንድ ልጅ እነዚህን ባለ ጃኬቶች ላይ ታች ሲሉ አይቶ ቢያዝንላቸው አይፈረድበትም።

"ጋሼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው? ላፋልጋችሁ?"

ሰውዬው ስልኩን ወደ ሰማይ እንደዘረጋ፣ ዞር ብሎም ሳያየው ይመልሳል፦

"ኔትወርክ!"