የታመመው ሁሉ ታሞ እንዲቀር፦ የምግብ ወለድ ወረርሽኝ ምንጭ እንዳይገኝ የሚያደርጉ ሰባት ምክሮች

ከአምቦ ወደ ደቡብ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ወንጪ ያደርሳል። ሐይቁን፣ በደሴቱ ላይ ያለውን የቂርቆስ ገዳምና ፍል ውኃውን ለማየት የሚመጣው እንግዳ እየበዛ ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ለምታለች። እንግዳ በበዛበት ምግብ ይበዛል፤ ምግብ በበዛበት ደግሞ አንድ ቀን ብዙ ሰው በአንድ ማዕድ መታመሙ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ ምክንያቱ እንዳይታወቅ፣ ሕመሙም በሚቀጥለው ድግስ እንዲደገም የሚፈልግ ካለ የሚከተሉትን ምክሮች ይፈጽም። ሁሉም የጥፋት ምክሮች ናቸው። የጻፍኳቸው በጊንጪም በጉደርም በአዲስ አበባም ማንም ሳይመክር ስለሚፈጸሙ ነው። ትክክለኛው ከየሥራቸው አለ።

ምክር 1፦ ድስቱን ቶሎ እጠቡ

«ሆዴን» የሚል ሰው እንደተሰማ የተረፈውን ወጥ ድፉ፣ ድስቱን ፈትጋችሁ አጥባችሁ ድፉት።

እንዲህ ከተደረገ ዋናው ማስረጃ ጠፋ። የሠርግ ወጥ ብዙ ጊዜ በዋዜማው ይሠራል። ትልቁ ድስት ከእሳት ወርዶ፣ ተከድኖ ያድራል። ዳር ዳሩ ሲቀዘቅዝ መሐሉ ለብ እንዳለ ሰዓታት ይቆያል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል፤ ለብ ያለ ወፍራም ወጥ ሲያገኝ በፍጥነት ይራባል። ጠዋት ወጡን ሞቅ አድርጎ ማቅረብ የተራባውን ባክቴሪያ አይገድለውም፤ እስኪንተከተክ ማፍላት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ማታውኑ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ ነው። ሰው ከታመመ ደግሞ ከእያንዳንዱ ምግብ አንድ አንድ ጭልፋ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ቀድታችሁ፣ ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ፣ በማቀዝቀዣ ወይም በበረዶ መካከል አቆዩ። ላቦራቶሪ ሊመረምር የሚችለው ያገኘውን ብቻ ነው።

ምክር 2፦ መጨረሻ የተበላውን ክሰሱ

ሰኞ ማታ ያስታወከው ሰው ሰኞ ምሳ ሽሮ ከበላ ሽሮው ነው በሉ።

ጀርሞች ግን የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። እሑድ በ7 ሰዓት ምሳ ተበላ እንበል። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በምግቡ ውስጥ የተወው መርዝ ከሆነ ትውከቱ ብዙውን ጊዜ እዚያው እሑድ እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ፐርፍሪንጀንስ ከሆነ እሑድ ሌሊት ቁርጠትና ተቅማጥ ይዞ ይመጣል፣ ትውከቱ ትንሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልፋል። ሳልሞኔላ ብዙውን ጊዜ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ከትኩሳት ጋር ይከሰታል። ታይፎይድ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል። የወፍ በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ኤ ወደ አንድ ወር ገደማ ይቆያል። ስለዚህ መርማሪ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ከእያንዳንዱ በሽተኛ ጠይቆ በተራ ይጽፋል። ሰዓቶቹ በአንድ ላይ ከተከማቹ ሁሉም ከአንድ ማዕድ የታመሙ መሆናቸውን ይጠቁማሉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ የትኛው ማዕድ እንደሆነ ይደርስበታል።

ምክር 3፦ የታመመውን ብቻ ጠይቁ

ደኅና የሆነው ሰው ምን ያደርግላችኋል? ወደ ሥራው ይሂድ።

ከታመሙት መካከል እንጀራ ያልበላ የለም፤ እንጀራው ግን ጥፋት ላይኖርበት ይችላል። ለምሳሌ በአንድ ድግስ 120 ሰው በልቶ 52 ቢታመም፣ የታመመውንም ያልታመመውንም ጠይቁ። ዶሮ ወጥ ከበሉት 80 ሰዎች 48ቱ ታመው፣ ካልበሉት 40 ሰዎች ግን 4ቱ ብቻ ታመው ቢገኙ፣ በአንዱ ወገን ከመቶ 60፣ በሌላው ከመቶ 10 ነው፤ ልዩነቱ ስድስት እጥፍ። አይብ ከበሉት 70 ሰዎች 30ው፣ ካልበሉት 50 ሰዎች 22ቱ ቢታመሙ ደግሞ ሁለቱ ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው፤ አይቡ ነጻ ወጣ። ይህን ለመሥራት ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ደኅናው ሰው ካልተጠየቀ ግን ምንም ያህል በሽተኛ ቢመዘገብ ስሌቱ አይሠራም።

ምክር 4፦ ሁሉንም «ታይፎይድ» በሉት

ደም ቀድታችሁ፣ ዊዳል የተባለውን ምርመራ ሠርታችሁ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ብላችሁ ሲፕሮ ስጡ።

አንድ የዊዳል ውጤት ብቻውን ታይፎይድ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ቀድሞ ታሞ የዳነም ሰው «አለብህ» ሊባል ይችላል። ሁሉም በአንድ ስም ከተመዘገበ ደግሞ ሌላ በሽታ ከመሐል ቢነሣ የሚያየው የለም። ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ የሚሰጥ ሰገራ ላይም ባክቴሪያው ላይበቅል ይችላል። ናሙናው ይቅደም፣ መድኃኒቱ ይከተል። ፈሳሽ የመተካቱ ሥራ ግን ናሙና አይጠብቅም፤ ኦ.አር.ኤስ. ወዲያው ይሰጥ፣ ሰውን የሚገድለው የውኃ ማነስ ነውና።

ምክር 5፦ በልተው ያስታወሱትን ብቻ መዝግቡ

ወጥ ሠሪዋን አታስቸግሯት።

በ2011 እ.ኤ.አ. በጀርመን ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ሰው በኢ. ኮላይ ታሞ ከ50 በላይ ሞተ። በመጀመሪያ የስፔን ኪያር ተወነጀለ፤ የስፔን ገበሬዎች ምርታቸውን ጣሉ። ኪያሩ ግን የወረርሽኙ ምንጭ አልነበረም። መርማሪዎቹ እውነቱን ያገኙት ወደ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ገብተው የትኛው ምግብ ከምን እንደተሠራ ከሠሪው ሲረዱ ነው። ተጠያቂው የበቀለ አብሽ ነበር፤ ዘሩ ከግብፅ የመጣ ነው። ሰላጣ ላይ ጣል የተደረገችውን ቡቃያ ከበሽተኞቹ አብዛኞቹ አላስታወሷትም። እኛም ወጥ በላን እንጂ በወጡ ውስጥ ያለውን ቅመም በላን አንልም። የምታውቀው ወጥ ሠሪዋ ናት። በርበሬው ከየት እንደተገዛ፣ ቅቤው መቼ እንደተነጠረ፣ ውኃው ከየት እንደተቀዳ እሷ ትጠየቅ፤ በአክብሮት፣ እንደ ምስክር እንጂ እንደ ወንጀለኛ አይደለም።

ምክር 6፦ ሁሉም በየሀገሩ ይታከም

እንግዳው ከወንጪ ሄዷልና የእናንተ ጉዳይ አይደለም።

የወንጪ ዋና ችግር ይህ ነው። እሑድ አብረው የበሉ ሰዎች ሰኞ በአምቦ፣ በወሊሶና በአዲስ አበባ ተበትነው ያድራሉ። አንዱ ጤና ጣቢያ አንድ ተቅማጥ፣ ሌላው ክሊኒክ ሁለት ያያል፤ የትኛውም አይደነግጥም። በዚያ ላይ የወንጪ ወረዳ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ስላለች ሪፖርቷ ወደ ወሊሶ ይሄዳል፤ አምቦ የታከመው ሰው ግን በምዕራብ ሸዋ ይመዘገባል። ሁለቱ ዞኖች ካልተደዋወሉ ወረርሽኙ በመካከላቸው ይጠፋል። መፍትሔው ሐኪሙ አንድ ጥያቄ መጨመሩ ነው፦ «ባለፉት ቀናት የት በላህ? አብሮህ የታመመስ አለ?» በደቡብ አፍሪካ በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎችን አሞ ከ200 በላይ ገድሏል። ምንጩን ለወራት የፈለጉት መርማሪዎች ፍንጭ ያገኙት በአንድ የሶዌቶ መዋያ የሚውሉ ሕጻናት አብረው ታመው ሆስፒታል ሲመጡ ነው። በመዋያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሥጋ የተሠራ ፖሎኒ ተገኘ፤ ከዚያ ተነሥቶ እስከ ፋብሪካው ተደረሰ። አብረው መታመማቸውን ያስተዋለ ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ፍንጭ ያመልጥ ነበር።

ምክር 7፦ ጠላት ፈልጉ፣ ካልተገኘ ዝም በሉ

«መርዝ አበሉን» በሉ፤ አለዚያም የደጋሹ ስም እንዳይጠፋ ሸፍኑት።

በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ሞቱ። ምክንያቱን ለማወቅ ዓመታት ፈጅቷል፤ ምርመራው በመጨረሻ ያመለከተው ከእህሉ ጋር የተቀላቀለ መርዛማ አረም ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ሲበዙ ደግሞ ምንጩ የአርጌሞን አረም ዘር የገባበት የምግብ ዘይት ሆኖ ተገኘ። በጎረቤት ላይ ጣት በመቀሰር ወይም በዝምታ አንዱም አይደረስበትም ነበር። ሀገራችን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያዎች ታሠለጥናለች፤ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም የወረርሽኝ ቅኝት መዋቅር አለው። መዋቅሩ የሚነቃው ግን ከቀበሌ ሰው ሲናገር ነው።

እንግዲህ ደጋሽ ሆይ፣ በቤትህ ሰው መታመሙ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገር፣ የእንግዶችህን ስምና ስልክ ስጣት። የምግብ ቤት ባለቤት፣ ከየምግቡ ጭልፋ አስቀር። ሐኪም፣ የት እንደበላ ጠይቅ፤ ሁለት ተመሳሳይ መልስ ካገኘህ ለወረዳው ደውል። ጎብኚ፣ ከወንጪ ተመልሰህ ከታመምክ የት እንደበላህ ሳትጠየቅ ተናገር። ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ካልተሠራ ግን በሚቀጥለው እሑድ ከዚያው ድስት የሚበላ ሕፃን አለ።