ምሳር መርፌ አይወጋም ነበር

ኧረ እናንተዬ፣ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ይኼን ዘመን እንዴት ይዛችሁታል? እኔስ ትናንት ጧት ከደጃፌ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ለማን እንደማወራው ጨንቆኝ ነው እናንተን የማስቸግረው። የልጅ ልጄ ከብት የሚወጉበትን ትልቅ መርፌ ይዞ ከጓዳ ወጣ። ጥጃይቱ ታመመች ብዬ ክው አልሁ። ለካ በሽተኛው መጋዙ ኖሯል! ከአንዲት ብልቃጥ 20 ሚሊ ሊትር ዘይት በመርፌው ሳበና በሃይላንድ ከተቀዳ 1 ሊትር ቤንዚን ላይ ለቀቀው። ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ እንደ ወተት ቅል ይንጠው ጀመር።

“ምን ልትሆን ነው አንተ?” ብለው፣ “አባባ፣ አንድ ለሃምሳ ነው። ዘይት ከሌለው ሞተሩ ይነክሳል” አለኝ። ይነክሳል! በኛ ጊዜ የሚነክሰው ውሻ ነበር። የዚህ ሞተር ሆድ እንደ መኪና ዘይቱን ለብቻው አይቋጥርም አሉ። ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ካልጠጣ ፒስቶኑና ሲሊንደሩ ተፋጭተው ይጣበቃሉ። እኔ ሰባት ልጅ ሳሳድግ ለአንዳቸውም ወተት በመርፌ ለክቼ አላውቅም።

ምሳር ግን ምን ጠይቆን ያውቃል? ምንም። በሳምንት አንዴ ዛቢያው ይሰበር ነበር እንጂ ሌላ ጣጣ አልነበረውም። ለዛቢያ የሚሆን ወይራ ፍለጋ ግማሽ ቀን ዳገት መውጣት ነው፤ ደስ ሲል! ስለቱ ሲዶለዱም ከቀጥቃጩ ዘንድ ወስደን፣ ወናፉን እያናፋን ተራ ስንጠብቅ እንውላለን፤ ሲብስም እናድራለን። አንድ ቀን ብረቱ ከዛቢያው ተስፈንጥሮ የአባቴን ቅልጥም አገኘው። አባቴ እስኪሞት በዚያ እግሩ ሲያነክስ ኖረ፤ ስለ ምሳሩ ግን ክፉ ቃል ካፉ አልወጣም። ሰው ማለት እንዲያ ነበር።

በ1953 ግንቦት የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳልነበረች ሲያደርጋት እኔ የሰባት ዓመት ጥጃ ጠባቂ ነበርሁ። ከተማዋ በምን ተመልሳ የቆመች ይመስላችኋል? በምሳር ነዋ! ለአራት ቤተሰብ አንድ ምሳር ነበረን። ለኛ ቤት ተራው ደርሶ ቋሚው እስኪቆረጥ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ እኛም ከቁርበት ስር ተኮራምተን ዝናቡን ጠጣነው። እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ ከወዴት ይገኛል? ዛሬ ሁለት ጎረምሳ ይኼን ጯሂ ይዞ የአንድ ቤት ቋሚና ማገር ከምሳ በፊት ይጨርስና ከሰዓት በኋላ ስልኩን ሲደባብስ ይውላል።

ንግግሩስ ብትሉ? ሞተር መጋዝ የሚባል ያማረ ስም እያለ ልጆቹ “ቼንሶ” ይሉታል። አባቶቻችን ያቆዩልን ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን የሚሉ ጥሩ ጥሩ የአማርኛ ቃላት ተረስተው “ስፓርክ ፕላግ” “ክላች” ሆኗል ወሬው። አንድ የተማረ ጎረቤቴ እኮ እነዚህ ቃላት ከጣሊያን የቀሩ ናቸው ብሎ ሊያርመኝ ሞከረ። አምስት ዓመት ታግለን ስናባርረው ከኛ ሰርቆ ሄዶ ይሆናል አልሁት። ዝም አለ።

ይኼው ጎረቤቴ የመጋዙን ታሪክም ያነብልኛል። ጀርመናዊው አንድሬያስ ስቲል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1929 የሠራው የቤንዚን መጋዝ 46 ኪሎ ይመዝን ነበር አሉ። አያችሁ? ያኔ ፈረንጁም ጨዋ ነበር፤ መጋዙ ሁለት ሰው ያስተባብራል። የዛሬውን ግን አንድ ፍሬ ልጅ ብቻውን አንጠልጥሎት ይሮጣል። ከዚያ ወዲህ ጆ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ በኦሪገን ጫካ አንድ የጥንዚዛ ትል ግንድ ሲበላ ቁጭ ብሎ አየ። ትሉ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ መንጋጋው እየቆረጠ እንጨቱን እንደ ልቡ ይሄድበታል። ሰውዬው ያንን መንጋጋ በብረት አስመስሎ ሠራና እስከ ዛሬ የምናየው የሰንሰለት ጥርስ ተወለደ። እናንተዬ፣ ትል አይቶ መክበር! የኛን ቤት ቋሚ ስንት ዘመን ትል ሲበላው ኖሯል። አባቴም ያየው ነበር፤ ግን የሰው ምግብ የማያይ ጨዋ ስለነበር ፊቱን አዙሮ አለፈ።

ቤንዚኑን ለማግኘት ያለውን ፍዳ ላሳጥረው። በ2015 የነዳጅ ክፍያ በስልክ ይሁን ከተባለ ወዲህ ያለ ልጅ ልጄ ማደያ ደጅ አልደርስም። በኛ ጊዜ ቤንዚን የሚባል ነገር ሰፈራችን ባይኖርም፣ ኖሮ ቢሆን በጥሬ ብር ነበር የምንገዛው። ደግሞ ተደባልቆ ከአንድ ወር በላይ የቆየ ቤንዚን ያረጃልና ካርቡራቶር ያቆሽሻል ይሉኛል። እኔ 72 ዓመት ቆይቼ ማንን አቆሸሽሁ? እስቲ ቆዩኝ፣ ይኼ ሳል... ምን እያልኋችሁ ነበር?

አዎ፣ ዘይቱን። በመርፌ የተሰጠው አልበቃ ብሎት ሌላ ዘይት የሚጠጣበት ሁለተኛ አፍ አለው። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት እኔ ምላሱ እለዋለሁ፤ ዘይቱ ለሱ ነው። አምና አዲስ ዘይት ለዚህ ይባክናል እንዴ ብዬ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ገለበጥሁበት። ዝቃጩ ዘይት የሚተፋባትን ቀዳዳ ደፈናት፤ ግማሽ ቀን ሳይሠራ ምላሱ ግሎ እንደ መስከረም ሰማይ ሰማያዊ ሆነ። ሞልቃቃ! ምሳር ቅቤ ቀቡኝ ብሎ ያውቃል? ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት፣ የዛሬ ብረት ጥራት የለውም ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። አሁን ያቺን ቀዳዳ በየማታው በቀጭን ሽቦ የምጎረጉረው፣ ምላሱንም አንድ ጎኑ ብቻ እንዳይበላ በየጊዜው የምገለብጠው እኔው ነኝ፤ ሌላ ማን አለ?

ሞረዱንማ ለሰው አልሰጥም። ሰንሰለቱ 36 ጥርስ አለው፤ 18 ወደ ግራ፣ 18 ወደ ቀኝ። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ተጣድፎ ይመጣና ግራውን አምስት ጊዜ፣ ቀኙን ሦስት ጊዜ ይሞርደዋል። ከዚያ መጋዙ ቀጥ ብሎ መውረድ ትቶ፣ ከጠላ ቤት እንደ ወጣ ሰው ወደ አንድ ጎን እየዘመመ ይቆርጣል። እንዲህ አይደለም! 5.2 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ይያዛል፤ 30 ዲግሪ ይዘነበላል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል። ሲመለስ ጥርሱን አይነካም። ለያንዳንዱ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ከጥርሱ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ የሞረዳት እንደሆነ ደግሞ ወየውላችሁ። ጉብታዋ ጥርሱ ምን ያህል እንጨት እንደሚጎርስ የምትመጥን ናት፤ ካነሰች ከልክ በላይ ይጎርስና መጋዙ ይፈናጠራል። ሲቆርጥ የሚተፋው እንደ ጤፍ ዱቄት ከላመ ደንዟል ማለት ነው፤ ጎላ ጎላ ያለ ፍቅፋቂ ሲሆን ነው ስለት የሚባለው። የባሕር ዛፍ ፍቅፋቂ ሽታውስ! ባሕር ዛፍ እኮ እንዳሁኑ መጤ ዕቃ አይደለም፤ ምኒልክ ከባሕር ማዶ ያስመጡት የገዛ አገራችን ዛፍ ነው።

ጎረምሶቹ ባለፈው ወር ወደ አፋሩ ቆላ ወርደው ያን እሾሃም ፕሮሶፒስ ሲቆርጡበት ሰነበቱ። በረሃ ይገታል ተብሎ የመጣ ዛፍ፣ ከብቱ ፍሬውን እየበላ በየሄደበት ዘራውና የግጦሹን መሬት ወረሰው። እንጨቱ ድንጋይ ነው። መጋዙን ሲመልሱልኝ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ፣ ሰንሰለቱ እንደ በቅሎ አንገት ጌጥ ተንዘላዝሎ፣ ጥርሱ እንደ ኔ ድድ ሆኖ። ሰንሰለት ከምላሱ ሆድ ጋር ገጥሞ፣ በእጅ ሲስቡት ግን ሳይታገል መሄድ አለበት ብዬ ስንቴ ነገርኋቸው! ፊልትሮውን አራግፌ አጠብሁ፤ ካንዴላውን ፈትቼ ጥላሸቱን ጠረግሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ለመጋዙ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፣ በዘመኑ ተናድጄ ነው።

ጭራሽ አሁን ይኼው ጎረቤቴ ብቅ ብሎ፣ “ጋሼ፣ አጥሬ ላይ የወደቀች ግንድ አለች፤ መጋዙን ለአንድ ሰዓት ቢያውሱኝ” ይለኛል። እንደ አባቶችህ በምሳር ቁረጣት አልሁት። ምሳር የለኝም፣ የርስዎን ያውሱኝ አለ። የኔማ ዛቢያው ከተሰበረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ግን ለሰው አይናገሩም። ነገ እኔው ራሴ መጥቼ እቆርጥልሃለሁ ብዬ ሰደድሁት።

በሉ እንግዲህ፣ ጀምበሯ ሳታዘቀዝቅ የቀሩኝ ሰባት ጥርሶች አሉ፤ ሁሉም በቀኝ በኩል ናቸው።