በር የሌለውን ማን ይጠይቀው?

«ቡሬ ላይ በረንዳ የሚያድሩት ከሌላ አገር የመጡ ናቸው» አሉ?

እስቲ ሲመሽ መናኸሪያው አካባቢ ብቅ ይበሉ። ባለሱቁ እስኪቆልፍ ጠብቆ በረንዳው ላይ ማዳበሪያ የሚያነጥፈውን፣ ንጋት ላይ ውሃ ሳይደፋበት ጠቅልሎ የሚነሣውን ልጅ «አገርህ ወዴት ነው?» ይበሉት። ጃቢ ጠህናን ይልዎታል፤ ወምበርማ ይልዎታል። የጎረቤትዎ ልጅ ነው።

«ጉልበት እያለው ለምን አያርስም?»

ምኑን ይረስ? በአማራ ክልል መሬት የተሸነሸነው በ1989 ዓ.ም ነው። ያኔ ታዝሎ የነበረው ሕፃን ዛሬ ራሱ አባት ሆኗል። የአባቱን ሁለት ጥማድ ከወንድምና እህቶቹ ጋር ቢካፈል ለእሱ የሚደርሰው ለበሬ መመለሻም አይበቃ። በቆሎና ጤፍ በሚታፈስበት አገር የገበሬ ልጅ ጦሙን ሲያድር፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይህ ነው።

«ሥራ ይፈልግ፤ ቡሬ የኢንዱስትሪ ከተማ አይደለች?»

ናት። የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2013 ዓ.ም ተመርቋል። ግን ሥራ ፈላጊ ብዙ ቦታ «መታወቂያና ተያዥ አምጣ» ይባላል። የቀበሌ መታወቂያ የቤት ቁጥር ይፈልጋል፤ ቤት ኪራይ ይፈልጋል፤ ኪራይ ሥራ ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱን ሳይሰጡት ሰነፍ አይበሉት።

«ከሌላ ክልል ተፈናቅሎ የመጣውስ ለምን ወደ መጣበት አይመለስም?»

ተመልሶ ያውቃል! በ2005 ዓ.ም ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በብሔራቸው የተባረሩ ገበሬዎችን መንግሥት «ስህተት ተፈጽሟል፤ ተመለሱ» ብሏቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ በመተከልና በወለጋ የወረደው መከራ ግን ከዚያ የባሰ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 በፈቀዱበት የመኖር መብት ሰጥቷቸዋል። አገሪቱ በ2012 ዓ.ም ያጸደቀችው፣ ተፈናቃዮችን የሚመለከተው የካምፓላ ስምምነትም መመለስ በፈቃድና በደኅንነት ይሁን ይላል። «ተመለስ» የሚል፣ መጀመሪያ ነፍሱን የሚጠብቅለትን ያሳየው።

«እኛ ዘንድ ሰው በዘሩ አይለይም።»

ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» የሚለው ታዲያ ማነው? አፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በ1900 ዓ.ም በአዋጅ ከልክለዋል። ማረሻዎን እሱ ቀጥቅጦ፣ ጀበናዎን እሷ ተኩሳ እየሰጡዎት፣ ልጅዎን ለልጃቸው ይነፍጋሉ። ይህ መለየት ካልሆነ ምን ይሆናል?

«ይህን ሁሉ ማጥናት ምን ያደርጋል? ጥናት እንጀራ አይሆንም።»

እንጀራው ለማን እንደሚደርስ ግን ይወስናል። በአገራችን ሕዝብ የተቆጠረው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ያደገውን የጎዳና ልጅ በጀት መዳቢው ከየት ያውቀዋል? ተመራማሪውም ብዙ ጊዜ ከቀበሌ የአባወራ ዝርዝር ተቀብሎ፣ ናሙና መርጦ፣ ቤት ለቤት ይዞራል። በዚህ መንገድ በር የሌለው ሰው መቼም አይጠየቅም። ፍኖተ ሰላም በረንዳ ላይ ያደረችው እናት ከመዝገቡ ውጭ ናት፤ ዘመድ ቤት ጓዳ ውስጥ የተጠጋው ተፈናቃይም በአባወራው ስም ተሸፍኖ ይቀራል።

«ምን ይደረግ ታዲያ?»

በሌሊት ይቆጠር። የአሜሪካ ከተሞች በጥር ወር አንድ ሌሊት መርጠው ደጅ የሚያድረውን ይቆጥራሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ እዚያው ቡሬ ውስጥ ነው፤ ተማሪውና መምህሩ በእግር ይደርሳሉ። የከተማዋን ሌሊት ከሊስትሮውና ከዘበኛው በላይ የሚያውቅ የለምና አብረው ይዙሩ። ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳፈናቀለው፣ ማን እንዳገለለው፣ ምን ቢያገኝ እንደሚነሣ ይጠየቅ።

«ከዚያስ መደርደሪያ ላይ አይቀርም?»

እንዳይቀር ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ በቀበሌ አዳራሽ፣ በተጠያቂዎቹ ፊት ይነበብ። የሚነበበውም የሐምሌው በጀት ሳይጸድቅ ነው። የሰውን ችግር ጠይቆ መልሱን ያልመለሰ ተመራማሪ ዕዳ አለበት፤ ሰምቶ ብር ያልመደበ ምክር ቤት ደግሞ የባሰ ዕዳ አለበት።